ጠጅ ቤት ተቀመጡ እንጂ አልተገናኙም፤ ካራክተሮችን መጀመሪያ ላይ እንዴት ነው የምታገናኙት?

ባለዳይሱ (እሑድ ጠዋት)

ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ማታ አዲስ ካምፔይን (ለብዙ ጊዜ የሚቀጥል የጨዋታ ታሪክ) ጀመርን። ስድስት ወር የተዘጋጀሁበት ነው። ካርታ ሣልኩ፣ የመሳፍንቱን የዘር ሐረግ ጻፍኩ፣ የየመንደሩን የገበያ ቀን ሳይቀር ለየሁ። የምንጫወተው በዲኤንዲ (ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ፤ አንዱ ታሪኩን እየመራ ሌሎቹ ካራክተር ሆነው በዳይስ የሚጫወቱት) አምስተኛው እትም ሕግ ነው፤ ዓለሙ ግን የእኛ ነው። ዘመነ መሳፍንትን የሚመስል አገር። ራስ ከራስ ይዋጋል፣ ንጉሡ ጎንደር ላይ በስም ብቻ ተቀምጧል።

አራት ተጫዋቾች አሉኝ። አንዱ ከጌታው ሠራዊት የከዳ ወታደር ነው። አንዱ አስማት የሚደግም ደብተራ። አንዱ አዝማሪ። አንዷ ደግሞ ከገበያ ገበያ የምትዞር እጇ ፈጣን ልጅ።

ጠጅ ቤት አስቀመጥኳቸው። የብርሌውን ድምፅ፣ የጌሾውን ሽታ፣ በጭስ የጠቆረውን ጣሪያ ሁሉ ነገርኳቸው። ከዚያ «እሺ፣ ምን ታደርጋላችሁ?» አልኩ።

ዝም።

አዝማሪው ትንሽ ዘፈነ። ወታደሩ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ በሩን መጠበቅ ጀመረ። የደብተራው ተጫዋች «የእኔ ሰው ጾም ላይ ነው፣ ጠጅ ቤት ምን ይሠራል?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ መልስ አልነበረኝም። ልጅቷ የወታደሩን ከረጢት ሰርቃ ወጣች። ወታደሩ ሲነቃ ሮጦ ተከተላት። አራት ሰው በአራት አቅጣጫ ስከተል ሁለት ሰዓት ተኩል አለቀ። ማታ ላይ ከተጫዋቾቹ አንዱ «የእኔ ሰው ከእነዚህ ጋር የሚሄድበት ምክንያት የለውም» ብሎ ጻፈልኝ። ተቆጥቶ አይደለም። በትሕትና ነው የጻፈው፤ ያ ደግሞ የበለጠ አሳዘነኝ።

ቅዳሜ እንደገና እንገናኛለን። ምን ላድርግ?

ሰላም ከሲልቨር ስፕሪንግ (እሑድ)

አይዞህ። ብዙዎቻችን ላይ ደርሷል።

ጠጅ ቤቱ ላይ አትፍረድ። ቦታው ምንም አላጠፋም። «ምን ታደርጋላችሁ?» ብለህ ስትጠይቅ የሚደረግ ነገር አልነበረም። ተጫዋች ፊቱ ላይ ችግር ሲቀርብለት ነው የሚንቀሳቀሰው። ባዶ ክፍል ሲሰጡት የካራክተሩን ጠባይ ያሳይሃል። የአንተዎቹም ያደረጉት ያንን ነው። ወታደሩ ተጠራጠረ፣ ሌባዋ ሰረቀች፣ አዝማሪው ዘፈነ። ጥሩ ተጫዋቾች ናቸው።

በ2014 እ.ኤ.አ. ለጀማሪ የወጣውን የዲኤንዲ ሳጥን ታውቀዋለህ? ውስጡ ያለው ታሪክ «ሎስት ማይን ኦፍ ፋንዴልቨር» ይባላል። ጨዋታው ሲጀመር ካራክተሮቹ መንገድ ላይ ናቸው። ጉንድረን ሮክሲከር የሚባል ድዋርፍ (በተረቱ ዓለም ያለ አጭር ሰው መሰል ፍጡር) አስቀድሞ ቀጥሯቸዋል። ከኔቨርዊንተር ወደ ፋንዳሊን በበሬ የሚጎተት ጋሪ ያደርሳሉ፤ ለእያንዳንዳቸው 10 የወርቅ ሳንቲም ይከፈላቸዋል። ትንሽ እንደሄዱ መንገዱ ላይ ሁለት የሞቱ ፈረሶች ተጋድመዋል፤ ቀስት ተሰክቶባቸዋል። ያደፈጡት ጎብሊኖች፣ ትናንሽ ጭራቆች፣ ጫካ ውስጥ ናቸው።

ልብ በል። ማንም «ሥራውን ትቀበላላችሁ?» ብሎ አልጠየቃቸውም። ያ ጥያቄ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ተመልሷል። ዲኤሙ (ጨዋታውን የሚመራው ሰው) መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው፤ «አንተ ይህን ሥራ ለምን ተቀበልክ?» እያለ ለየብቻ። ያኔ እያንዳንዱ ተጫዋች ምክንያቱን ራሱ ይፈጥራል። ራሱ የፈጠረውን ምክንያት ደግሞ ያምንበታል።

ሃያ ጎን (እሑድ)

ሰላም ያለችው ልክ ነው። እኔ ግን ጠንከር ያለውን መንገድ ሞክሬዋለሁ፤ ምርኮ።

«አውት ኦፍ ዘ አቢስ» የሚባለው በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የዲኤንዲ ካምፔይን እንደዚያ ነው የሚጀምረው። ካራክተሮቹ ከመሬት በታች ድራው በሚባሉ ጨካኝ ፍጡራን ተይዘው ታስረዋል። መሣሪያ የለም፣ ልብስ እንኳ በቅጡ የለም። አብረው ካላመለጡ ያልቃሉ። አንድ ላይ ለማድረግ እንደ እሱ የሚሠራ የለም፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ እቅድ ማውጣት ይጀምራሉ።

ግን ተጠንቀቅ። እኔ ሳደርገው አንዷ ተጫዋች ለካራክተሯ የአባቷን ጦር ሰጥታት ነበር። ሦስት ገጽ ጽፋበታለች። እኔ ደግሞ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ቀማኋት። ምንም አላለችም። በሦስተኛው ሳምንት ቀረች፤ ከዚያ በኋላ አልተመለሰችም። አሁን ቢሆን እስር ልጀምር ነው ብዬ ቀድሜ እነግራቸዋለሁ። ታሪኩ አይበላሽም። ሰው እንደሚታሰር አውቆ ሲመጣ ጦሩን የት እንደሚደብቅ ራሱ ያስባል።

ሲራራ (እሑድ ማታ)

ባለዳይሱ ልጄ፣ ዘመነ መሳፍንትን ከመረጥክ የምትፈልገው እዚያው ዘመን ውስጥ አለልህ። እኔ ወደዚህ ጨዋታ በልጆቼ በኩል ዘግይቼ የመጣሁ ነኝ፤ ዕድሜዬ ከሃምሳ አልፏል። ሕጉን ገና እየለመድኩት ነው። የድሮውን ነገር ግን እወደዋለሁ።

መጀመሪያ ሲራራን፣ የነጋዴውን ቅፍለት፣ አስብ። በዚያ ዘመን ከጎንደር ወደ ምጽዋ ንብረት ጭኖ ብቻውን መሄድ ሞትን መጥራት ነው። ሽፍታ አለ፣ በየኬላው ቀረጥ አለ፣ ወንዝ ይሞላል። ስለዚህ ነጋዴው ይጠራቀማል፣ አለቃ ይኖረዋል፣ በቅሎና አህያ ጭኖ በአንድ ላይ ይነሳል። የማይተዋወቅ ሰው ለሳምንታት አንድ እሳት ይሞቃል። ደብተራም አዝማሪም ይጠጋል። የከዳ ወታደር ጠባቂ ሆኖ ይገባል። ማንም «አንተ ለምን አብረህ መጣህ?» አይለውም፤ ብቻህን አትሄድማ።

አውጫጭኝ ደግሞ አለ፤ አፈርሳታም ይሉታል። ከብት ተሰርቆ፣ ቤት ተቃጥሎ ወይም ሰው ተገድሎ ወንጀለኛው ካልታወቀ የአካባቢው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። ያየም የሰማም እንዲናገር ይደረጋል። ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም፤ ካልወጣ አገሩ ተዋጥቶ ይከፍላል። እስቲ ሜዳውን በዓይንህ ተመልከተው። አንዱ እህሉ ማሳ ላይ እየረገፈበት ነው። አንዷ የሚጠባ ልጅ ቤት ትታ መጥታለች። ሁሉም እየተቆጣ ነው። አራቱ ካራክተሮችህ ደግሞ አላፊ መንገደኛ ሆነው እዚያ መካከል ተይዘዋል። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማን ይመስልሃል? ባይዋደዱም እውነተኛውን ሰው አብረው ይፈልጋሉ።

ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን ቁራኛ ነው። ዛሬ ታሞ የተኛን ሰው «የአልጋ ቁራኛ ሆነ» እንላለን፤ ቃሉ ከዚያ የቀረ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ተበዳሪ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው ይታሰሩ ነበር። መንገድ ላይ ከሆነ የሁለቱን ሸማ ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው ይሄዳሉ። ጠንከር ያለ ጉዳይ ሲሆን በሰንሰለት እጅ ለእጅ ነው። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ፣ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይነሳል። ሁለት የማይፋቀሩ ሰዎችን ለቀናት ማነጋገር ከፈለግህ ሸማቸውን ቋጥርልኝ።

ፍራንክፈርት ዊዛርድ (ሰኞ)

ጋሽ ሲራራ እግዜር ይስጥልኝ፤ ይህንን ለራሴ ገልብጬ አስቀምጫለሁ።

እኔ ግን አንድ ደረጃ ወደ ኋላ መመለስ እፈልጋለሁ። ካራክተሮቹ በመጀመሪያው ሴሽን (የጨዋታ ቀን) መገናኘት ለምን አስፈለጋቸው? ገና ወረቀቱ ላይ ሲፈጠሩ መተዋወቅ ይችሉ ነበር። ይህን በሕጋቸው ውስጥ ያስገቡ ሌሎች ጨዋታዎች አሉ። ፌት ኮር የሚባለው ላይ እያንዳንዱ ተጫዋች ካራክተሩ ከዚህ በፊት የገጠመውን አንድ ነገር ይጽፋል። ከዚያ ወረቀቱን ለሌላው ያቀብላል። የተቀበለው ሰው «የእኔ ካራክተር እዚህ ታሪክ ውስጥ በምን በኩል ገባ?» ብሎ ይጨምርበታል። ሁለት ጊዜ ይዞራል። ዙሩ ሲያልቅ እያንዳንዱ ካራክተር ከሁለት ሰው ታሪክ ጋር ተጠላልፏል።

ዳንጀን ወርልድ ደግሞ በካራክተሩ ወረቀት ላይ ክፍት ቦታ ያላቸው ዓረፍተ ነገሮች አስቀምጧል፤ ክፍቱ ቦታ ላይ የጓደኛህን ካራክተር ስም ትሞላለህ። የሞንጉስ ትራቨለርን በጣም ነው የምወደው። ሁለት ተጫዋቾች ያለፈ ሕይወታቸውን በአንድ ክስተት ካገናኙ ሁለቱም ተጨማሪ ችሎታ ያገኛሉ። እንዲተዋወቁ አይለምናቸውም። ሽልማት ይሰጣቸዋል።

እዚህ የምናጫውታቸው ሰዎች ከሦስት አገር ነው የሚገቡት። በሰዓቱ ልዩነት ምክንያት አብረን የምንሆነው ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። እሷን ትንሽ ሰዓት በትውውቅ መጨረስ አልፈልግም። ስለዚህ ወረቀቱን በዲስኮርድ ሳምንት ሙሉ እንቀባበላለን፤ ዳይሱ የሚወረወርበት ቀን ሲደርስ ጓደኛሞች ሆነው ይመጣሉ።

የጉለሌዋ (ሰኞ)

ዊዛርድ፣ ሐሳብህ ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር ይቀርባችኋል። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲተያዩ የሚሆነው ነገር በወረቀት አይገኝም።

እኔ ለቅሶ ቤት ነው የጀመርኩት።

ሦስት ተጫዋቾች ነበሩኝ፤ ሁሉም አዲስ። የሞቱት ሽማግሌ ናቸው። ድንኳኑ ተጥሏል፣ ሰው ከቀብር ተመልሶ እጁን እየታጠበ ይገባል፣ ንፍሮ በሰፌድ እየዞረ ነው። ለቅሶ ቤት የመጣን ሰው ማንም «ማን ነህ?» አይለውም። ዝም ብሎ ቦታ ይለቀቅለታል። ሦስቱም አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እኔ የሟቹ ልጅ ሆኜ ሰፌዱን ለእያንዳንዳቸው አቀረብኩና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኋቸው፤ «አባባን በምን ያውቋቸዋል?»

የመጀመሪያዋ «ያለ ዋጋ ፊደል አስቆጥረውኛል» አለች። ሁለተኛው «ገንዘባቸው እኔ ጋ ነበር፣ ሳልመልስላቸው ሞቱ» አለ። ሦስተኛው ትንሽ አሰበና «አላውቃቸውም። እኔን ሊገድሉ የሚፈልጉ ሰዎች እዚህ ድረስ ተከትለውኝ ነው የገባሁት» አለ።

ከዚያ ወዲያ የእኔ ሥራ አለቀ። ፊደል የቆጠረችው ባለ ዕዳውን ዞር ብላ አየችው። ባለ ዕዳው ዕዳውን ለማን እንደሚከፍል ጠየቀ። የሸሸውም አብሮ ቀረ፤ አልቃሽ መስሎ መቀመጥ ነበረበትና። ሁለት ዓመት ተጫወትን። አሁንም ያንን አግዳሚ ያነሡታል።

ሃያ ጎን (ሰኞ)

ይኼ በጣም ቆንጆ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በቅርቡ ሰው የሞተበት ተጫዋች ካለ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሴሽን ዚሮ (ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የሚደረገው ውይይት) የሚያስፈልገው ለዚህ ለዚህ ነው። እኔ የምጠይቀው በግል መልእክት ነው፤ ሰው ፊት «ይከብደኛል» ማለት ለሁሉም አይቀልም።

የጉለሌዋ (ሰኞ)

ልክ ነህ። ጠይቄ ነበር። መጻፍ ነበረብኝ።

ሌሊት ወፍ (ማክሰኞ)

እኔ ዲኤም አይደለሁም፣ ተጫዋች ነኝ። ከተጫዋች በኩል ትንሽ ልናገር።

ዲኤሙ ብቻውን አይችለውም። እኛም ካራክተር ይዘን ስንመጣ «ይህ ሰው ከሌሎች ጋር ለመሄድ የሚያስፈልገው ነገር ምንድን ነው?» ማለት አለብን። እኔ ለረጅም ጊዜ ማንንም የማታምን፣ ማንም የማያስፈልጋት ካራክተር ነበር የምሠራው። ጠንካራ ትመስለኝ ነበር። ግን ማንንም የማትፈልግ ሰው በመጣችበት መንገድ ትሄዳለች፤ እኔም ጠረጴዛው ላይ ብቻዬን እቀመጣለሁ። አሁን ካራክተሬ ላይ አንድ ጉድለት አስቀምጣለሁ። ማንበብ አትችልም፣ ወይም መንገድ አታውቅም፣ ወይም ሌሊት ብቻዋን መተኛት ትፈራለች። ያ ጉድለት ነው ሰው አጠገብ የሚያቆያት።

ባለዳይሱ (ማክሰኞ ማታ)

ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ። ጋሽ ሲራራ፣ እርስዎ የጻፉትን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የለቅሶውን ደግሞ ለባለቤቴ አነበብኩላት።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። የመጀመሪያው ሴሽን አንዴ ተጫውተነዋል። ልሰርዘውና እንደገና በሲራራ ልጀምር? ወይስ አውጫጭኙን ልያዝ?

ሰላም ከሲልቨር ስፕሪንግ (ረቡዕ)

እንዳትሰርዘው!

የጻፍከውን መለስ ብለህ እየው። ልጅቷ የወታደሩን ከረጢት ሰርቃለች። ወታደሩ ተከትሏታል። ከሳሽም ተከሳሽም አለህ እኮ። ጋሽ ሲራራ ያሉትን ቁራኛ ተጫዋቾችህ ራሳቸው ጀምረውልሃል። ሁለተኛው ሴሽን ላይ «ይዟት ደረሰ፣ የሰፈሩ ሰው ከቧችኋል፣ ሸማችሁ ተቋጥሯል፣ ዳኛው ያለው የሁለት ቀን መንገድ ላይ ነው» ብለህ ክፈተው።

ደብተራውና አዝማሪው ላይ ነው ያልመጣልኝ።

ሲራራ (ረቡዕ)

ሰላም ልጄ፣ ግሩም ነው ያየሽው። የቀሩትን ሁለቱን እኔ ልሙላልሽ። ክስ ካለ ዋስ ይጠራል፣ ምስክር ይጠራል።

አዝማሪው ጠጅ ቤት ውስጥ ሲዘፍን ሁሉንም አይቷል፤ ምስክር ነው። ቃሉን ለመስጠት አብሮ መሄድ አለበት። ደብተራው ደግሞ ዋስ ይሁን። «ጠጅ ቤት ምን ይሠራል?» ብሎ መጠየቁ ደስ ብሎኛል፤ እሱ ውስጥ አልነበረም። በደጅ ሲያልፍ ነው ልጅቷ እግሩ ላይ የወደቀችው። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል የምታውቀው የለም፤ ጥምጣሙን አይታ «አባቴ፣ ዋስ ይሁኑኝ» ብላ ለመነችው። ዋስ የሆነ ሰው ተከሳሹ ቢጠፋ ራሱ ነው የሚጠየቀው። እንግዲህ ልጅቷ እንዳትጠፋ ቀንና ሌሊት ይጠብቃታል።

ለምን እሺ እንዳላት ግን አንተ አትንገረው። ሰላም እንዳለችው ተጫዋቹን ጠይቀው።

ባለዳይሱ (ረቡዕ)

ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ ምስክር፣ ዋስ። አራት። በትክክል አራት። ዛሬ ሥራ ላይ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። ለሁሉም በግል ጽፌ ፈቃዳቸውን ጠይቄያለሁ፤ መታሰር እንዳለበትም ነግሬያቸዋለሁ።

ባለዳይሱ (እሑድ)

ተጫወትን! በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ይገባችኋል።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ጀመርን። አንደኛው ተጫዋች ያለው ሜሪላንድ ስለሆነ እሱ ዘንድ ገና ስምንት ሰዓት ነው፤ ምሳውን እየበላ ገባ። መጀመሪያ የደብተራውን ተጫዋች «ይህችን ልጅ አታውቃትም። ለምን ዋስ ሆንካት?» ብዬ ጠየቅኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «እኔም ተማሪ ሳለሁ ከጌታዬ መጽሐፍ ሰርቄያለሁ። ማንም ዋስ አልሆነኝም» አለ። እኛ ሁላችን ዝም አልን። ይህን እኔ በስድስት ወር አልጽፈውም ነበር።

የሸማው ነገር እንዳሰብኩት አልሄደም፤ ይበልጥ ጥሩ ሆነ። የመጀመሪያው ወንዝ ላይ ወታደሩ ቀድሞ ገባ። ልጅቷ መዋኘት አትችልም። ቋጠሮው ጠበቀ። ሕጉን ከፍቼ ሁለቱም በየተራ ይወርውሩ አልኩ፤ ልጅቷ ሦስት አወጣች፣ ውኃው ወሰዳት። ወታደሩ ቋጠሮውን በጎራዴ ቢቆርጠው ይድናል። ተጫዋቹ ዳይሱን ይዞ ቆየና «አልቆርጥም። ከረጢቱ እሷ ጋ ነው» አለ። ወረወረ፤ አሥራ ስምንት። ጎትቶ አወጣት። ከዚያ በኋላ ስለ ከረጢቱ አንድም ቃል አልተናገረም።

ሌሊት ጅብ መጣ። አዝማሪው እስኪነጋ መሰንቆውን እየመታ እሳቱን ጠበቀ። ለዳኛው ምን ብሎ እንደሚመሰክር ሦስቱም ጠየቁት። አልነገራቸውም። ለእኔም አልነገረኝም።

ዳኛው ጋ የሚደርሱት በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። ባለፈው ሳምንት «ምክንያት የለውም» ብሎ የጻፈልኝ ወታደሩ ነበር። ትናንት ጨዋታው እንዳለቀ «ቅዳሜ በሰዓቱ ነው አይደል?» ብሎ ጻፈልኝ።

የጉለሌዋ (እሑድ)

ደብተራው ያለውን ሳነብ ዓይኔ እንባ አቀረረ። በርታ።

ሲራራ (እሑድ)

ዳኛው ፊት ሲቆሙ ሙግቱን በግጥም አስደርገው። የዱሮ ተሟጋች «በላ ልበልሃ» እያለ ነበር የሚገጥመው። አዝማሪህ ይደምቅበታል።

ሌሊት ወፍ (እሑድ ማታ)

ማክሰኞ ስጽፍ አልተናገርኩም፤ ልጅቷ እኔ ነኝ። ባለዳይሱ ይህን ክር እንደከፈተ ያወቅኩት ስሙን አይቼ ነው። መዋኘት እንዳትችል ያደረግኩትም እዚህ ጋ ስለ ጉድለት ከጻፍኩ በኋላ ነው።

ወታደሩ ከወንዙ ሲያወጣኝ ከረጢቱን ልመልስለት እጄን አስገብቼ ነበር። ከዚያ ከፈትኩት። ውስጡ አሞሌ ጨው ብቻ አልነበረም፤ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አለ። ካራክተሬ ማንበብ አትችልም። ማንበብ የሚችለው ደብተራው ነው፤ እሱ ደግሞ ካነበበው የሰረቅኩት ነገር ምን እንደሆነ ያውቃል።

ባለዳይሱ፣ ቅዳሜ ከዳኛው በፊት አንድ ሌሊት ስጠን። ደብተራውን ለብቻው ማናገር እፈልጋለሁ፤ ግን ከወታደሩ ጋር ታስሬያለሁ።